ያልተቀመሰው መድኃኒት

የተፈጨ ቅመም ገዝቼ አላውቅም። ሥራዬ ቅመም መልቀም ነው። ከነጋዴ በጆንያ እቀበልና ሰባተኛ ሰፈር ባለው ቤታችን ደጃፍ ቁጭ ብዬ በሰፌድ አበጥራለሁ፤ ጠጠሩን፣ ጭራሮውን፣ አንዳንዴም የአይጥ ኩሱን ለቅሜ አወጣለሁ። ድንብላል መካከል የሚገኝ ጠጠር መልኩም መጠኑም ድንብላል ነው። ዓይን ያልፈዋል፤ ጣት ግን ይይዘዋል። ድፍን ቅመም ውስጥ የገባ ነገር ሲፈለግ ይገኛል። ከተፈጨ በኋላ ማን ይለየዋል? በርበሬ ውስጥ ሸክላ ተፈጭቶ ገባ ሲባል እሰማለሁ። እርድ ቀለም ተጨመረበት ሲባልም እሰማለሁ። እውነት ይሁን የገበያ ወሬ እግዚአብሔር ያውቃል። እኔ ዱቄት ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ እጠረጥራለሁ፣ ቀጥሎ አሸታለሁ፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

ባለቤቴ ጎጃም በረንዳ አንድ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ሲቀልድብኝ፣ ገነት ብገባ እንኳ መጀመሪያ የማደርገው ሰፌድ ፈልጌ የመላእክቱን ላባ ማበጠር እንደሆነ ይናገራል። ይሳቅ። በቤቴ ወጥ ውስጥ ጠጠር የነከሰ ሰው የለም።

ነገሩ የሆነው በፍልሰታ ጾም ነው። ክረምቱ ጠንክሮ ነበር። የቧንቧው ውሃ ለቀናት ጠፍቶ ሲመለስ ደፍርሶ መጣ። ትልቋ ልጄ አያቷ ጋ በሄደችበት በዚያው ሰሞን ትንሿን ልጄን ተቅማጥ ያዛት። ጡት ከተወች ገና ወራት ናቸው፤ ከአፏ የሚወጣው ቃልም ጥቂት ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን ጥርስ ነው ብዬ አሳለፍኩት። በእኛ ሰፈር የሕፃን ተቅማጥ ሁሉ ጥርስ ነው የሚባለው። በማግስቱ ጠዋት ግን ዓይኖቿ ጎድጉደው አየሁ። ታለቅሳለች፤ እንባ የለም። ጥርስ የሚለው ቃል ከአፌ ጠፋ። አዝያት ወደ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

ነርሷ የሆዷን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጣ ለቀቀችው፤ ቶሎ አልተመለሰም። ልጄ ውሃ እያለቀባት መሆኑን ነገረችኝ። በውሃ የሚበጠበጠውን ኦአርኤስ እዚያው በማንኪያ ሰጠቻት። ልጄ ጥቂት ወሰደች። ነርሷም ሌሎች ፓኬቶችና የምትሟሟ የዚንክ ክኒን ሰጥታ፣ አፍልቼ ባቀዘቀዝኩት ውሃ እንድበጠብጠውና ቀኑን ሙሉ በየጥቂቱ እንድሰጣት አዘዘችኝ።

«እስከ ማታ ሽንት ካልሸናች ወይም መጠጣት እምቢ እንዳለች ከቀጠለች ጠዋትን አትጠብቂ» አለችኝ። «መልሰሽ አምጫት። በደም ሥር እንሰጣታለን።»

ሽንት። ያን ቀን በዓለም ላይ የምፈልገው ነገር የልጄ ሽንት ብቻ ሆነ።

ቤት እንደገባን መጠጣቱን እምቢ አለች። ማንኪያውን ስታይ ከንፈሯን ትገጥማለች። በግድ ያስገባሁትን ትተፋዋለች። በጨዋታም ሞከርኩ፣ በቁጣም ሞከርኩ። ስዕለ አድኅኖው ሥር ቁጭ ብዬ እመቤቴ ሆይ አልኩ፤ ሌላ ቃል አልጨመርኩም። በፍልሰታ እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው የምጾመው። በልጄ ምክንያት ከቅዳሴ ስለቀረሁ ጾሙን ቀንሼ እግዚአብሔርን ማሳዘን አልፈለግኩም።

ረፋዱ ላይ ጎረቤቴ መጡ።

ግድግዳ ነው የምንጋራው። የወሎ ሰው፣ እስላም ናቸው፤ በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ፤ እትዬ ነው የምላቸው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ቅመም ይነግዱ ነበር፤ አሁን ሱቁን ልጃቸው ይዞታል። ብዙ ዓመት በሰላም ኖረናል። በዚያ ሰሞን ግን ነገራችን ቀዝቀዝ ብሎ ነበር። ውሃ የመጣ ዕለት ጀሪካኔ ከወረፋው ወጥቶ ዳር ተቀምጦ አገኘሁት። ማን እንዳወጣው አልጠየቅኩም። ከኋላዬ የነበረው የእሳቸው ጀሪካን እንደነበር ግን አይቻለሁ። ደግሞም ልጄ ከመታመሟ በፊት በነበረው ቀን እሳቸው ቤት ገብታ ሳምቡሳ በልታ ነው የወጣችው። ይህን ሁሉ በልቤ ደርድሬ ይዤዋለሁ።

«ቢስሚላህ» ብለው ደፉን ተሻገሩ። እኔም በልቤ በስመ አብ አልኩ። በእጃቸው ኩባያ ይዘዋል። ኩባያው ውስጥ ቡናማ ነገር ሞቅ ባለ ውሃ ተበጥብጧል።

«ስጫት» አሉኝ። «አብሽሪ፣ ይይዝላታል።»

ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። አሮጊት አክስታቸው ሲያስተምሯቸው፣ ስሙ ከተጠራ ኃይሉ ይሄዳል ብለው እንዳስጠነቀቋቸው ነገሩኝ። ይህን ወግ አውቀዋለሁ። አገር ቤትም መድኃኒት የሚያውቅ ሰው ቅጠሉን ሰው እንዳያየው ቀጥቅጦ፣ ወቅጦ፣ መልኩን አጥፍቶ ነው የሚሰጠው። አውቀዋለሁ ማለት ግን እወደዋለሁ ማለት አይደለም። ስም የሌለው ዱቄት ለእኔ!

ሌላም ነገር አየሁ። አልቀመሱትም። እንኳን መድኃኒት፣ ውሃም ቢሆን ለሰው ሲሰጥ ሰጪው ፉት ብሎ ነው የሚያቀብለው። ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። እሳቸው ደግሞ በዚህ ነገር ጥንቁቅ ናቸው፤ ሾርባ ሲልኩልን እንኳ በእጃቸው መዳፍ ጠብ አድርገው ሳይቀምሱ ሰጥተው አያውቁም። ዛሬ ኩባያውን በሁለት እጃቸው አቀበሉኝና ዓይናቸውን ወደ ልጄ መለሱ።

አመሰገንኩ። በኋላ እሰጣታለሁ አልኩ። ልጅቷን አየት አድርገው ወጡ።

ኩባያውን በሲኒ ማስቀመጫ ከድኜ መደርደሪያ ላይ አኖርኩት። ከዚያ መልሼ ገለጥኩት። አሸተትኩ። ቅርንፉድ አለበት። ጦስኝ አለበት። ከሥሩ ነጭ አዝሙድ ይመጣል፤ ደረቅ ዝንጅብልም ጉሮሮዬን ነካው። ጥቁር አዝሙድ እንዳለበትም ጠረጠርኩ። የቀረ አንድ ነገር ግን አለ፤ ሽታው ደብዛዛ፣ ትንሽ የቆዳ ሽታ የሚመስል። እሱን አላወቅኩትም። ዘመኔን በቅመም መካከል ኖሬ አላወቅኩትም። ኩባያውን መልሼ ከደንኩት።

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ትማራለች። ደወልኩላትና ነገሩን ዘርዝሬ ነገርኳት። ቅመም የሚባል ነገር ለሕፃን ልጅ አትስጪ ብላ እንድትቆጣኝ ነበር የጠበቅኩት፤ እንዲያውም እንድትቆጣኝ ፈልጌ ነበር። አልተቆጣችም። በጦስኝና በነጭ አዝሙድ ውስጥ ቲሞል የሚባል ነገር እንዳለ፣ በቅርንፉድ ውስጥ ዩጂኖል፣ በጥቁር አዝሙድ ውስጥም ሌላ ስሙን መያዝ ያልቻልኩት ነገር እንዳለ አወራችልኝ። እነዚህን በቤተ ሙከራ እየመረመሯቸው ነው አለች። አንዳንዶቹ ተቅማጥ የሚያመጡ ተሕዋስያንን እንዳይባዙ ሲያደርጉ ታይቷል፤ አንዳንዶቹ የአንጀትን ቁርጠት ያላላሉ፤ አንጀት ወደ ውጭ የሚያፈሰውን ውሃ የሚቀንሱ የሚመስሉም አሉ።

ይህንን ስሰማ ጭራሽ ተጠራጠርኩ። ቅርንፉድ ውስጥ ቅርንፉድ እንጂ ሌላ ስም ያለው ነገር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ታዲያ ልስጣት ነው የምትይኝ አልኳት።

«እሱን አላልኩም፣ አክስቴ። በብልቃጥ ውስጥ የሠራ ሁሉ በልጅ ሆድ ውስጥ ይሠራል ማለት አይደለም። ስንት መስጠት እንደሚገባም በደንብ አይታወቅም። ያላወቅሽውን ነገር አትስጫት። ተቅማጥ ልጅን የሚገድለው ውሃ አሟጥጦ ነው። የምትጠጣው ኦአርኤስ ነው የሚያድናት።»

«አትጠጣም እኮ ነው የምልሽ።»

ኩባያው ውስጥ ያለውን ነገር አንድ በአንድ ካወቅኩ መልሼ እንድደውልላት ነገረችኝ።

በምሳ ሰዓት ባለቤቴ ልጃችንን ሊያይ መጣ። ኩባያውን አሳየሁት፤ ጥርጣሬዬንም ነገርኩት። ልጅቷን አንስቶ በትከሻው ላይ አደረጋት። አንገቷ ሲዘም አይቶ ፊቱ ጠቆረ፤ ቢሆንም መቀለዱን አልተወም።

«እትዬ ሊገድሉን ቢፈልጉ ኖሮ የዛሬ ስንት ዓመት በሾርባው ይጨርሱን ነበር» አለ።

«በሾርባው ቀምሰው ነው የሚሰጡት። ዛሬ አልቀመሱም።»

«አንቺ ለምን አልቀመስሽውም?»

«ጾመኛ ነኝ።»

እኔን አየ፣ ኩባያውን አየ። አለቃውን አስፈቅዶ ቶሎ እንደሚመለስ፣ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ካልሸናች ታክሲ ይዞ መጥቶ ወደ ጤና ጣቢያ እንደምንመልሳት ነግሮኝ ሄደ። እኔም የምናዝልበትን ጋቢ አወጣሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ልጄ ተኝታ እንኳ ከንፈሯ እንደገጠመ ነው። ሽንት ጨርቋን እየነካሁ አያለሁ፤ ደረቅ ነው።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እትዬ ኩባያቸውን ሊወስዱ ተመለሱ። መደርደሪያው ላይ እንደተከደነ አዩት። ገለጥ አድርገው አዩት። ሙሉ ነው። መድኃኒቱ ከሥር ዘቅጦ ውሃው ከላይ ጠርቷል።

ብዙ ሰው በዚህ ቦታ ቢሆን ይቆጣል። እሳቸው ሳይጠየቁ ዱካ ላይ ተቀመጡ።

«ፈራሽኝ?»

ውሸት መናገር አልቻልኩም። ልጄ አጠገቤ እንደዚያ ተኝታ እያለ በጾም ቀን አልዋሽም።

«አልቀመሱትም፣ እትዬ» አልኳቸው።

መጀመሪያ አልገባቸውም። ቀጥሎ ገባቸው፤ ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው ከውስጥ ሳቁ።

«ጾመኛ ነኝ እኮ! ቀዳ ነው፤ ረመዳን ታምሜ የበላሁትን ቀን አሁን ጾሜ እየከፈልኩ ነው። ምን ብዬ ልቅመሰው?»

«እኔም ጾመኛ ነኝ» አልኩ።

«ታዲያ ልጅቷ በሁለት ጾመኛ መካከል በውሃ ጥም ልትሞት ነው?»

ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። የቀኑን ጥርጣሬ ሁሉ የጫንኩበት አንድ ነገር እዚያው ወለሉ ላይ ፈረሰ። ግን ሁሉም አልፈረሰም፤ ዱቄቱ አሁንም ዱቄት ነው።

«የጀሪካኑም ነገር አለበት አይደል?» አሉኝ። ፊቴ ላይ አንብበውት ነው መሰለኝ። «ተሰንጥቆ ሲያፈስ አይቼ እኔ ነኝ ዳር ያስቀመጥኩት። ልነግርሽ መጥቼ አኩርፈሽ አገኘሁሽ። አንቺ ልጅ ስታኮርፊ ታስፈሪያለሽ።»

ጀሪካኑ በእርግጥ ተሰንጥቆ ነበር። በኋላ ሳየው እኔው የሰነጠቅኩት መስሎኝ ነበር። ይህንን አልነገርኳቸውም። የነገርኳቸው የእህቴ ልጅ ያለችውን ነው፤ ያላወቅኩትን ነገር ለልጄ እንዳልሰጥ፣ ውስጡ ያለውን ግን አንድ በአንድ ካወቅኩ እንደምትመክረኝ።

አሰቡ። ተነስተው ወጡ። ተቀይመው የሄዱ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ቆይተው በሽንጣቸው ላይ ቋጠሮ ይዘው ተመለሱና በሩን ገርበብ አደረጉት።

«የተከለከለው መናገር ነው» አሉ። «ማሳየትን ማንም አልከለከለኝም። እጅሽን ዘርጊ። አንቺም ስም እንዳትጠሪ።»

እጄን ዘረጋሁ። ከቋጠሮው ውስጥ በጣታቸው እየቆነጠሩ አንድ በአንድ መዳፌ ላይ ያስቀምጣሉ። ድፍን ነው፤ ያልተፈጨ። ነጭ አዝሙድ። ጥቁር አዝሙድ። የጦስኝ ቅጠል ከነእንጨቱ። የዝንጅብል ስባሪ። ሁለት ቅርንፉድ። እያንዳንዱን ሲያስቀምጡ ዓይን ዓይኔን ያያሉ፤ እኔም አውቄዋለሁ ለማለት ራሴን ዝቅ አደርጋለሁ። አፋችንን እንደ ልጄ ገጥመነዋል። መጨረሻ ላይ ያስቀመጡት አፍንጫዬን ያታለለው ነገር ነበር። የደረቀ የፍራፍሬ ልጣጭ ነው። የምን ፍሬ እንደሆነ ሳየው አወቅኩት፤ እዚህ ግን አልጽፈውም። ቅመሞቹ በማንም ኩሽና ውስጥ ያሉ ናቸው። ልጣጩ ግን የእሳቸው ነው።

ስም መጥራት ስለማልችል መዳፌን በስልኬ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ለእህቴ ልጅ ላክኩላት። ብዙ አልቆየችም። መልሱ ሲመጣ እትዬ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ምን አለች?»

«ሁሉንም አወቀቻቸው።»

«ስማቸውን ጠርታ?»

«ጽፋ ነው።»

ይህ ለእሳቸው አዲስ ጥያቄ ሆነባቸው። አክስታቸው ማንበብ እንደማያውቁ፣ ስለዚህም ስለ መጻፍ የተናገሩት ነገር እንደሌለ አስበው አስበው ደመደሙ። እኔ ግን ለጥንቃቄ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላነበብኩትም።

የእህቴ ልጅ የጻፈችው እትዬን የሚያስደስት አልነበረም። በዚህ ዕድሜ ላለች ልጅ ቅርንፉዱ ይውጣ፤ ልጣጩም፣ ጥቁር አዝሙዱም፣ ዝንጅብሉም ይውጡ ትላለች። ጦስኙ ከጥቂት ነጭ አዝሙድ ጋር በደንብ ፈልቶ፣ ተጠልሎ፣ እንደ ቀጭን ሻይ ከሆነ ጥቂት ማንኪያ ብትቀምስ አይጎዳትም ብላ እንደምታስብ፣ ይጠቅማታል ብላ ግን ቃል መግባት እንደማትችል ጽፋለች። ከኦአርኤሱ ጋር እንዳይቀላቀል፣ በእሱም ፈንታ እንዳይሰጥ። ደግሞም ካልሸናች ሳንዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ እንድንሄድ።

በጣቴ እየጠቆምኩ የሚወጣውን አሳየኋቸው። ቅርንፉዱ ሲወጣ ታገሡ። ጥቁር አዝሙዱ ሲወጣ ቅር አላቸው፤ በእነሱ ዘንድ የተባረከ ነው። ልጣጩ ጋ ስደርስ እጄን ያዙት።

«እሱ ከወጣ ከመድኃኒቴ ምን ቀረ? ሻይ ነው የቀረው።»

«ሻይ ይሁን፣ እትዬ።»

«የተጓደለ መድኃኒት ባይሠራ እኔን እንዳትወቅሺ።»

«የተሟላውን ሰጥቻት አንድ ነገር ብትሆን እርስዎን ልወቅስ ነው።»

እጄን ለቀቁት። ልጅቷን ረዥም ጊዜ አዩዋትና ልጣጩን መልሰው ቋጠሮው ውስጥ ከተቱት። የአክስታቸውን ቃል ለአንዲት የክርስቲያን ልጅ ብለው ሲያጎድሉ ምን እንደተሰማቸው አላውቅም።

ጦስኙንና አዝሙዱን በሰፌድ አበጠርኩ። በጣቴ ዳሰስኩ። አንድ ጠጠር አላገኘሁም፤ እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ። አፈላሁት፣ በንጹሕ ነጠላ ጠለልኩት፣ በሌላ ኩባያ እንዲቀዘቅዝ አስቀመጥኩት። ሽታው ክፍሉን ሲሞላ ልጄ ዓይኗን ገለጠች፤ ማንኪያ ሳቀርብላት ግን እንደ ጠዋቱ ከንፈሯን ገጠመች። እትዬ ያዟት፤ ለእሳቸውም ገጠመች። ኦአርኤሱንም ገፋችው፤ በደረቴ ላይ ፈሰሰ። ጨርቋ አሁንም ደረቅ ነው። ዓይኖቿ ጠዋት ከነበሩት ይልቅ ጠልቀዋል። ባለቤቴ መጣና በሩ ላይ ቆሞ አየን፤ ሳይቀመጥ ታክሲ ሊፈልግ ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረደ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። የእኔ ጾም የሚፈታበት ሰዓት ደረሰ፤ የእሳቸው ገና ነበር። አዛን እስኪወጣ መጠበቅ አለባቸው። ልጄ ግን የሚጠበቅ ጊዜ አልነበራትም።

ተነሳሁ። አባታችን ሆይ ደገምኩ። እናቴ እመቤቴ፣ ጾምሽ ነው አልኩ። ከዚያ የጦስኙን ኩባያ አንስቼ ከመድኃኒቱ ተጎነጨሁ። ጾሜን በእሱ ፈታሁ። መራራ ነው፤ ምላስን ያቃጥላል፤ ወደ ሆድ ሲወርድ ግን ይሞቃል። እትዬ ትንፋሻቸውን ይዘው ያዩኛል። በእሳቸው ጭን ላይ ያለችው ልጄም አፌን ታያለች።

ማንኪያውን አቀረብኩ። ልጄ ከንፈሯን ከፈተች።

አንድ ማንኪያ ወሰደች፤ ፊቷን አጨማደደች፤ አልተፋችም። ወዲያው ኦአርኤሱን አነሳሁ። እሱንም መጀመሪያ እኔ ቀመስኩት። ጨውና ስኳር የተቀላቀለበት፣ እንባ የሚመስል ነገር ነው። ጣፋጭ እንደሆነ ሁሉ ከንፈሬን ላስኩ። ልጄ እንደገና ከፈተች።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በቤታችን ለልጅ ሳልቀምስ አጉርሼ አላውቅም። ትኩስ ይሁን፣ ቅመም ይብዛ፣ መጀመሪያ እኔ ነኝ የምቀምሰው፤ በጾም ቀን እንኳ ትልቋ ልጄ ትቀምስላት ነበር፤ ትልቋ ደግሞ በዚያ ሳምንት አያቷ ጋ ነበረች። ያን ቀን ግን ከጠዋት ጀምሮ ማንም ያልቀመሰውን ነገር ነው በአፏ ላይ የደቀንኩባት። ነርሷ ስትሰጣት የወሰደችው ጥም ስለነበራት ይሁን፣ እንግዳ ሰው ፈርታ ይሁን አላውቅም። ከእኔ እጅ ግን ያልተቀመሰ ነገር አልወስድም አለች። ልጄ ናት፤ ጥርጣሬውን ከማን ወረሰችው ብዬ አልጠይቅም።

አንድ ማንኪያ፣ ትንሽ ዕረፍት፣ ሌላ ማንኪያ። እኔ እቀምሳለሁ፣ እሷ ትከተላለች። ከመድኃኒቱ ከጥቂት ማንኪያ በላይ አልሰጠኋትም፤ ከዚያ በኋላ ኦአርኤሱን ብቻ ነው ያስኬድኩት። የኦአርኤሱ ኩባያ ሲጋመስ ከአንዋር መስጊድ በኩል አዛን ተሰማ። እትዬ በአንድ እጃቸው ልጄን እንደያዙ በሌላው ውሃ እንዳቀብላቸው ጠየቁኝ። አቀበልኳቸው። ከመስጠቴ በፊት ፉት አልኩለት። አይተው ፈገግ አሉና ጠጡ።

ውሃውን ሳይጨርሱ ፊታቸው ተለዋወጠ። ጭናቸውን ወደ ታች አዩ።

«አንቺ!» አሉ።

ሽንቷ የጨርቋን ዳር አልፎ ቀሚሳቸው ላይ ፈሶ ነበር። ብዙ አይደለም። እኔ ግን ተንበርክኬ ቀሚሳቸውን በእጄ ይዤ አለቀስኩ። እትዬ ሶላታቸውን በዚህ ልብስ እንደማይሰግዱ፣ ሌላ ቀሚስ መቀየር እንዳለባቸው፣ እንዲህ ያለ ምርቃት አይተው እንደማያውቁ እያጉረመረሙ ልጄን ሳሟት።

ባለቤቴ በዝናቡ ታክሲ አጥቶ ዘግይቶ፣ እንደረሰረሰ ገባ። ታክሲው ውጭ ቆሟል። ምን እንደሆነ ነገርኩት። ለሾፌሩ ያስቸገረበትን ሰጥቶ አሰናበተውና ተመልሶ እትዬ እግር ሥር ተቀመጠ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያው ተመለስን። ነርሷ ቆዳዋን ቆነጠጠች፤ ቶሎ ተመለሰ። ተቅማጡ ወዲያው አልቆመም፤ ቀስ እያለ ነው የቀነሰው። ዚንኩን እንደታዘዘው እስከ መጨረሻው ሰጠኋት። የጦስኙን ነገር ለነርሷ ነገርኳት። አልተቆጣችም፣ አላመሰገነችኝምም፤ ቀጭን ከሆነ ግድ የለም፣ ዋናው ውሃው ነው አለችኝ።

ልጄን ያዳናት ምን እንደሆነ ተከራክረንበታል። የእህቴ ልጅ ኦአርኤሱ ነው ትላለች፤ ቲሞሉም ቢሆን ረድቷት ሊሆን ይችላል፣ ግን ማንም ሊያውቅ አይችልም ትላለች። እትዬ ልጣጩ ቢኖር ኖሮ በዚያው ሌሊት ይቆም ነበር ባይ ናቸው። ባለቤቴ የሁለት ሴት ግትርነት ነው ያዳናት ይላል። እኔ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ ነርሷን፣ የእህቴን ልጅና እትዬን በጸሎቴ በስማቸው እጠራለሁ። ከዚህ የበለጠ አውቃለሁ አልልም። በጦስኝ ውስጥ አንድ ስም ያለው ነገር እንዳለ ግን አሁን ስለቅመው ትዝ ይለኛል፤ ቅጠሉን በጣቴ ሳሸው ቀስ ብዬ ነው።

ወሬው በሰፈር ተሰማ። አሁን ልጅ የታመመባት እናት ሁሉ በሬን ታንኳኳለች። መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ እላታለሁ። ኦአርኤሱን በየጥቂቱ ስጪ፣ ካልጠጣች ቀድመሽ ቅመሽላት እላታለሁ። ጦስኝ ቀጭን አድርጋ ብታፈላ እንደማይከፋ፣ ቅርንፉድ ግን ለሕፃን እንዳታደርግ እነግራታለሁ። ስሙን ጠርቼ፣ ግልጽ አድርጌ ነው የምነግራት።

በትዕግሥት ይሰሙኛል። ስጨርስ ግን አይነሱም። ዓይናቸው ከፊቴ ወደ መደርደሪያዬ፣ ከመደርደሪያዬ ወደ ሰፌዴ ይሄዳል። ባለፈው ሳምንት አንዷ ልጇን እንዳዘለች በሬ ላይ ቆማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ዋናውን ነገር ያልነገርኳት ኃይሉ እንዳይሄድ ብዬ ከሆነ እንደሚገባት፣ ዝም ብዬ በእጇ ላይ ብቻ እንዳስቀምጥላት ለመነችኝ። ምንም የደበቅኩት ነገር የለም ብዬ ማልኩላት። ራሷን ነቀነቀች። አላመነችኝም።